ተጋብዞ የተወገዘ ዓሣ፦ የካርፕ ታሪክ ከመደብ አንጻር ሲታይ

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ይላል ያገራችን ሰው። አባባሉ የሚነገረው ያልታሰበ መዘዝ በገዛ እጁ ጎትቶ ለሚያመጣ ሰው ነው። በዚህ ሐተታ የምንመረምረው ታሪክ ግን ከዚህ ጥቂት ይለያል፤ ጎርጓሪው አጥብቆ ሲፈልገው የነበረው ዓሣ ራሱ፣ ከተገኘና ከተበላ በኋላ፣ «ዘንዶ» ተብሎ የተወገዘበት ታሪክ ነውና።

ዓሣው ካርፕ ይባላል። ጥንተ አገሩ የዳኑብ ወንዝ፣ የጥቁር ባሕርና የካስፒያን ባሕር ተፋሰሶች ናቸው። በአፉ ዙሪያ አራት ጢም አለው፤ ሰፋፊ ቅርፊቱ የነሐስ መልክ ይይዛል፤ የውኃውን ወለል እየማሰ ትላትልና ሥራሥር ይበላል፤ የሞቀና የደፈረሰ ውኃም ይችላል።

ይህ አንድ ዓሣ ዛሬ በሦስት አገሮች በሦስት ዓይነት ሕግና ልማድ ይዳኛል። በአውስትራልያ፣ በክዊንስላንድ ግዛት፣ አንድ ሰው ካርፕ በመንጠቆ ቢይዝ በሕይወት ወደ ውኃው እንዳይመልሰው ሕግ ይከለክለዋል። በእንግሊዝ አገር ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ካርፕ በሚጠመድባቸው በብዙዎቹ ሐይቆች አጥማጁ ዓሣውን በለስላሳ ምንጣፍ ላይ አስተኝቶ፣ የመንጠቆውን ቁስል መድኃኒት ቀብቶ፣ አብሮት ፎቶግራፍ ከተነሣ በኋላ በክብር ወደ ውኃው ይመልሰዋል። ገድሎ ቢወስደው ከቦታው ይባረራል። በጀርመን ደግሞ የ1972ቱ የእንስሳት ጥበቃ ሕግ ያለ በቂ ምክንያት እንስሳን ማሠቃየትን ስለሚከለክል፣ መልሶ ለመልቀቅ ብቻ ዓሣ መያዝ በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል፤ በቂ ሆኖ የሚቆጠረው ምክንያት ምግብ ነው። እንግዲህ አንደኛው ዳኛ «ግደለው»፣ ሁለተኛው «አትግደለው»፣ ሦስተኛው «ካልበላኸው አትንካው» ይላሉ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።)

ልዩነቱ ከየት መጣ? «የባህል ልዩነት ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ይሁን እንጂ «ባህል» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ምርመራን የሚዘጋ እንጂ የሚከፍት አይደለም። ጉዳዩን ከሥረ መሠረቱ ስንመረምረው፣ የካርፕ ስምና ዋጋ የተወሰነው በሦስት ጥያቄዎች መልስ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ይኸውም ውኃው የማን ነው? ዓሣውን ያመጣው ማን ነው? የሚበላውስ ማን ነው? የሚሉት ናቸው።

፩. ኩሬውና ጌታው

በመካከለኛው ዘመን በአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን በጾም ቀናት ሥጋን ከልክላ ዓሣን ትፈቅድ ነበር። የጾሙም ቀናት በዓመት ውስጥ እጅግ ብዙ ነበሩ። ከባሕር ርቀው ለሚኖሩ ገዳማትና መሳፍንት ትኩስ ዓሣ ማግኘት አስቸጋሪ ስለነበረ፣ ኩሬ ቆፍሮ ዓሣ ማርባት ትልቅ የሀብት ምንጭ ሆነ። ለዚህ ሥራ ካርፕን የሚተካከል አልተገኘም፤ ፈጥኖ ይወፍራል፣ ያገኘውን ይበላል፣ በእርጥብ ገለባ ተጠቅልሎም ረዥም መንገድ ይችላል። ጥቂት ቅርፊት ብቻ ያለው፣ «መስተዋት ካርፕ» የሚባለው ዘር የሰው እጅ ከእርባታ መርጦ ያወጣው ነው።

የዚህ ሥራ ታላቁ ምሳሌ ደቡብ ቦሄሚያ፣ ማለት በዛሬይቱ ቼክ ሪፑብሊክ የትሬቦን ከተማ አካባቢ ነው። የአገሩ ባለቤቶች የሮዠምበርክ መሳፍንት ነበሩ። በ1547 የኦሎሙትስ ጳጳስ ያን ዱብራቪየስ ስለ ዓሣ ኩሬ አሠራር በላቲን ቋንቋ መጽሐፍ እስከ ማሳተም መድረሱ፣ ነገሩ ለቤተ ክህነትም ሆነ ለመኳንንት ምን ያህል ቁም ነገር እንደነበረ ያሳያል። ከ1584 እስከ 1590 ባሉት ዓመታት ያኩብ ክርቺን የተባለው የመሳፍንቱ ሹም ሮዠምበርክ የተሰኘውን ታላቅ ኩሬ አሠራ። ኩሬው ዛሬም ወደ 5 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ይዞ ይገኛል።

ግድቡን የገነባው ጉልበት ግን የጳጳሱም የሹሙም አልነበረም። የገበሬ እርሻና ሣር መሬት በውኃ ተውጧል፤ ከጌታው ኩሬ ዓሣ የሰረቀ ገባርም ይቀጣ ነበር። በአካባቢው አፈ ታሪክ የክርቺን ስም እስከ ዛሬ ከሰይጣን ጋር ተቆራኝቶ መነገሩ ያለ ምክንያት አይደለም። ታሪክ የሹሙን ጥበብ ጻፈ፤ ተረት ደግሞ የገባሩን እርግማን መዘገበ።

ዘመን ሲለወጥ ዓሣው ከጌታው ማዕድ ወደ ሕዝቡ ማዕድ ወረደ። ዛሬ በቼክና በፖላንድ ያለ ካርፕ የገና ዋዜማ እራት የለም ማለት ይቻላል። በቀድሞይቱ ቼኮስሎቫኪያ የተማሩ ወገኖቻችን በታኅሣሥ ወር በየአደባባዩ በትልልቅ ገንዳ ውስጥ በሕይወቱ የሚሸጠውን ካርፕ፣ ሰውም በብርድ ተሰልፎ ሲገዛው አይተዋል። ገዢው ወደ ቤቱ ወስዶ እስከ በዓሉ በመታጠቢያ ገንዳ ያቆየዋል፤ ልጆችም ስም ያወጡለታል፤ ቅርፊቱን በገንዘብ ቦርሳ ውስጥ የያዘ ሰው ዓመቱን ገንዘብ አያጣም ይባላል። ካርፕ እዚህ የተከበረው መጀመሪያ ጌታ ስለ በላው ነው፤ የተወደደው ደግሞ በኋላ ሕዝብ ስለ ደረሰው ነው።

፪. ከባልቲሞር ኩሬ እስከ ኢሊኖይ ወንዝ

በ1871 የአሜሪካ መንግሥት የዓሣ ኮሚሽን አቋቁሞ ስፔንሰር ቤርድ የተባለውን የተፈጥሮ ሊቅ ሾመበት። በዚያን ጊዜ የአገሩ የዓሣ ሀብት እየመነመነ ነበር። ደኑ ተመንጥሮ አፈሩ ወደ ወንዝ ይወርዳል፤ የወፍጮ ግድብ የዓሣውን መተላለፊያ ይዘጋል፤ የከተማና የፋብሪካ ቆሻሻ ውኃውን ይመርዛል፤ መረቡም እረፍት የለውም። ከመካከለኛው አውሮፓ የፈለሱት ሰዎች በበኩላቸው ባገራቸው የለመዱትን ካርፕ ይናፍቁ ነበር። ቤርድም ጥፋቱን ከምንጩ ከማቆም ይልቅ፣ ጥፋቱን የሚችል ዓሣ ማምጣት ቀለለው።

በግንቦት ወር 1877 ሩዶልፍ ሄሰል የተባለው የኮሚሽኑ ባለሙያ 345 ካርፖች ከጀርመን አምጥቶ በባልቲሞር ከተማ፣ በድሩይድ ሂል መናፈሻ ኩሬዎች ጨመራቸው። ቀጥሎም በዋና ከተማው፣ በዋሺንግተን ሐውልት አጠገብ፣ ልዩ ኩሬዎች ተዘጋጁ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ለፖለቲካ ተማሪ ትልቅ ትምህርት ነው። የካርፕ ጫጩት ለገበሬዎች በነጻ ይታደል ጀመር። ዓሣው በተለየ የባቡር ፉርጎ እየተጫነ አገር ለአገር ይጓዛል፤ የምክር ቤት እንደራሴዎችም የመራጮቻቸውን ማመልከቻ ተቀብለው ያስፈጽማሉ፤ «ዓሣ አስላከልን» ተብለውም ይመሰገናሉ። በ1883 ብቻ 260,000 ያህል ካርፕ ወደ 10,000 ለሚጠጉ አመልካቾች ታደለ፤ ከ301 የምርጫ ወረዳዎች መካከል ለ298ቱ ደረሰ። እንዲህ ባለ ፍጥነትና እኩልነት የታደለ ሌላ የመንግሥት በረከት ማግኘት ያስቸግራል። የመራጭን ልብ በትንሽ ስጦታ መግዛት የትም አገር ያለ ዘዴ ነው፤ አሜሪካኖች ግን በዓሣ ፈጸሙት።

የገበሬው ኩሬ ጎርፍ ሲመጣ ይፈርሳል፤ ካርፑም ወደ ወንዝ ይገባል። አንዲት እንስት ካርፕ በመቶ ሺህ የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። ስለዚህም ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ ዓሣው በየወንዙና በየሐይቁ ሞላ፤ ምስጋናውም ወደ እሮሮ ተለወጠ። ካርፕ የውኃውን ተክል ይነቅላል፣ የጠራውን ያደፈርሳል፣ ዳክዬዎች የሚመገቡትን ያጠፋል፣ የሌሎችን ዓሦች መራቢያ ያበላሻል ተባለ። በ1897 ኮሚሽኑ እደላውን አቆመ። ከግብዣ እስከ ውግዘት ያለው ጊዜ 20 ዓመት ብቻ ነበር።

ክሱ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ካርፕ በበዛበት ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ውኃው እንደሚደፈርስና ተክሉ እንደሚጠፋ ተደጋግሞ የተረጋገጠ ነገር ነው። ይህን መካድ የመደብ ትንተና ሳይሆን ግብዝነት ይሆናል። ነገር ግን ከክሱ መዝገብ የተሰረዙት ተከሳሾች እነማን ናቸው? በ1900 ሺካጎ ከተማ ታላቅ የፍሳሽ ቦይ ከፍታ የወንዟን አቅጣጫ በማዞር ቆሻሻዋን ወደ ኢሊኖይ ወንዝ ለቀቀችው። የጠራ ውኃ የሚሹት ዓሦች መኖር ሲያቅታቸው፣ ጥቂት አየር የሚበቃው ካርፕ ኖረ። ሰው ወንዙ ዳር ሲወርድ የሚያየው የደፈረሰ ውኃና ካርፕ ነው። ስለዚህ ያደፈረሰው ካርፑ ብቻ እንደሆነ ወሰነ። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» ማለት ይህ ነው።

ለዚህ አንድ የማይታበል ማስረጃ አለ። በ1883 ያው ኮሚሽን ከዚያው ከጀርመን አገር ቡናማ ትራውት የተባለውን ዓሣ እንቁላል አስመጣ። እርሱም እንደ ካርፕ ባዕድ ነው፤ እርሱም የአገሩን ትራውት ከብዙ ወንዝ አስለቅቋል። ይሁን እንጂ ቡናማ ትራውትን «ወራሪ» ብሎ የሚረግመው ሰው ጥቂት ነው፤ የስፖርት አጥማጆች ማኅበራት ይንከባከቡታል፣ መንግሥትም ገንዘብ አውጥቶ ያራባዋል። ሁለት ስደተኞች በአንድ ዘመን፣ ከአንድ አገር፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ግብዣ መጡ። አንዱ ዜጋ ሆነ፤ ሌላው ወንጀለኛ ሆነ።

ልዩነቱን የፈጠረው ተመጋቢው ነው። ትራውት ጊዜና ገንዘብ ያለው ሰው በጠራ ወንዝ ውስጥ ቆሞ፣ በሰው ሠራሽ ዝንብ የሚያታልለው ዓሣ ነው። ካርፕን ግን በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የኢሊኖይ አጥማጆች በመረብ እያፈሱ በባቡር ወደ ኒውዮርክ ይልኩት ነበር። በዚያም ከምሥራቅ አውሮፓ የፈለሱት የአይሁድ እናቶች ለሰንበትና ለበዓል እየፈጩ ገፊልተ የተባለውን ምግብ ይሠሩበታል። ድኻ ሠራተኛ፣ ነጭም ጥቁርም፣ በርካሽ ገዝቶ ይጠብሰዋል። የስፖርት አጥማጁ «የቆሻሻ ዓሣ» ብሎ የሰየመው ይህን ዓሣ ነው። ስድቡ ከዓሣው አልፎ ሳሕኑን የያዘውን ሰው እንደሚነካ መናገር አያስፈልግም።

፫. የሼፊልድ ሠራተኞችና የሬድማየር ካርፕ

እንግሊዞች የወንዝና የሐይቅ ዓሣቸውን በሁለት መደብ ይከፍላሉ። ሳልሞንና ትራውት «የአደን ዓሣ» ይባላሉ፤ ካርፕን ጨምሮ የቀሩት «ተራ» ወይም «ሻካራ» የሚል ስም ተሰጥቷቸዋል። ክፍፍሉ ከዓሦቹ ተፈጥሮ ይልቅ የባለ ርስቱን ደብተር ይመስላል፤ መልካሞቹ የሳልሞንና የትራውት ወንዞች በባላባቶች ይዞታ ሥር ነበሩና።

ካርፕ ወደ እንግሊዝ የገባው በመካከለኛው ዘመን መጨረሻ ገደማ ሲሆን፣ መጀመሪያ የገዳማትና የመኳንንት ኩሬ ጌጥ ነበር። ስለ ዓሣ ማጥመድ በ1653 የጻፈው ታዋቂው ኢዛክ ዋልተን ለካርፕ ከወንዝ ዓሦች መካከል የንግሥትነት ማዕረግ ሰጥቶታል። የገዳማቱ ዘመን ሲያልፍና የባሕር ዓሣ በባቡር ርካሽ ሲሆን ግን፣ ካርፕን የሚበላው እየጠፋ ሄደ።

በ19ኛው መቶ ዘመን የፋብሪካ ሠራተኛው እሑድን የሚያሳልፍበት ውኃ ፈለገ። የትራውት ወንዝ ተዘግቶበታል፤ ቦዩ፣ የከተማው ኩሬና ደፍራሳው ወንዝ ግን ቀርተውለታል። የሼፊልድ ብረት ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተው፣ በባቡር እየተጓዙ፣ በዘንግና በመንጠቆ ይወዳደሩ ጀመር። ከዚያም አልፈው የምክር ቤት እንደራሴያቸውን ኤ. ጄ. ማንዴላን በመያዝ፣ «ተራ» የተባለው ዓሣ በመራቢያው ወራት እንዳይጠመድ የሚከለክለውን የ1878 ሕግ አስወጡ። ሕጉ እስከ ዛሬ በሰፊው የሚታወቀው በማንዴላ ስም ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል፤ ሠራተኞቹ ለገዛ ደስታቸው ወሰን እንዲበጅለት የጠየቁት ራሳቸው ናቸው። የተደራጀ ሕዝብ የጋራ ሀብቱን ያጠፋል የሚሉ ሊቃውንት ይህን ምዕራፍ ቢያነቡት መልካም ነበር።

የሚያጠምዱት ዓሣ በብዛት ለምግብ የማይፈለግ ስለነበረ፣ መዝኖ መልሶ መልቀቅ ልማድ ሆነ። መስከረም 13 ቀን 1952 ሪቻርድ ዎከር የተባለ መሐንዲስ በሬድማየር ኩሬ 44 ፓውንድ፣ ማለት 20 ኪሎ ያህል፣ የሚመዝን ካርፕ ያዘ። ሊጠመድ አይችልም የተባለው ዓሣ ተጠመደ። ዓሣው ወደ ለንደን የእንስሳት ማቆያ ተወስዶ ሕዝብ ሲጎበኘው ለብዙ ዓመታት ኖረ። ከዚያ ወዲህ ካርፕን ማጥመድ ራሱን የቻለ ሃይማኖት መስሏል፤ አጥማጆች ለአንድ ዓሣ ሌሊትና ቀን ድንኳን ተክለው ይጠብቃሉ። ቤንሰን የሚል ስም የወጣለት ካርፕ በ2009 ሲሞት የአገሩ ጋዜጦች ኀዘኑን ዘገቡት፤ በዕድሜው ከ60 ጊዜ በላይ ተይዞ ተለቋል።

እነሆ ከፍና ዝቅ ያለው መሰላል ራሱን ገለበጠ። ሆኖም አዲሱ ክብር የራሱ ችግር አለው። ለካርፕ የተዘጋጁት ብዙዎቹ ሐይቆች ዛሬ በከፍተኛ ክፍያ የሚገባባቸው የንግድ ቦታዎች ናቸው። ከምሥራቅ አውሮፓ የመጣ ሠራተኛ ያገሩን ልማድ ተከትሎ ካርፑን ለምግብ ቢወስድ እንደ ነውረኛ ይታያል። ትናንት «ተራ ዓሣ ያጠምዳሉ» ተብለው የተናቁት፣ ዛሬ «ዓሣውን ይበላሉ» ብለው ሌላውን ይንቃሉ። ንቀት ባለቤቱን ቢለውጥም ማረፊያ አያጣም።

፬. ስምና ጥፋት

ወደ አሜሪካ እንመለስ። በ1963 ሣር በሊ ካርፕ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ብርማና ትልቅ ራስ የሚባሉት ካርፖች ወደ አርካንሳ ግዛት መጡ። እነዚህ ቻይናውያን ለብዙ ዘመናት በኩሬ ሲያረቧቸው የኖሩ ዘሮች ናቸው። የተፈለጉትም ለሥራ ነበር፤ አንዱ የኩሬ አረም እንዲበላ፣ ሌሎቹ የዓሣ ኩሬና የፍሳሽ ማጣሪያ ውኃ እንዲያጠሩ። አምልጠውም የሚሲሲፒን ተፋሰስ ሞሉት። ብርማው ካርፕ የሞተር ድምፅ ሲሰማ ከውኃው በላይ እየዘለለ ጀልባ ላይ ያለውን ሰው ይመታል። ከ2002 ጀምሮ ወደ ታላላቆቹ ሐይቆች እንዳይገቡ የኤሌክትሪክ አጥር ተዘርግቶባቸዋል። አጥሩ የተዘረጋው በዚያው፣ ሺካጎ በ1900 በከፈተችው ቦይ ላይ ነው። ቦዩ ባይኖር ኖሮ ሁለቱ ተፋሰሶች በዚያ ባልተገናኙ ነበር።

በሕዝብ ዘንድ የጸናው ስም ግን «የእስያ ካርፕ» የሚል ነው። ስሙ ዓሣው ከየት እንደ መጣ ይናገራል፤ ማን እንዳመጣው፣ ለማን ጥቅም እንደመጣ፣ በማን ቸልተኝነት እንዳመለጠ ግን ዝም ይላል። «የእስያን ወራሪ ግደሉ» የሚል ጩኸት በየወንዙ ዳር ሲሰማ፣ የእስያ ተወላጆች የሆኑ ዜጎች ቃሉ ለማን እንደሚተርፍ ገብቷቸዋል። ስለዚህም በ2014 የሚኒሶታ ግዛት በይፋ «ወራሪ ካርፕ» ወደሚል ስም ለወጠው። በ2022 ደግሞ የኢሊኖይ ግዛት ሰው እንዲበላው በማሰብ «ኮፒ» የሚል የገበያ ስም አወጣለት። አንድ መቶ ዓመት ሙሉ «አይበላም» ያለ አገር፣ ዓሣው ሲያቸግረው «ብሉልኝ» ማለት ጀመረ።

አንዳንድ አንባቢ «ካርፕ እንደ እኛ ስደተኛ ነው» ወደሚል መደምደሚያ ይቸኩል ይሆናል። እኔ ይህን ምሳሌ አልወደውም። ስደተኛ ሰው አእምሮና መብት ያለው ነው፤ ዓሣ ግን በእርግጥ ሐይቅን ሊያበላሽ ይችላል። ሰውን ከዓሣ ጋር የሚያመሳስል አነጋገር ዛሬ ለርኅራኄ ቢውል ነገ ለጥላቻ ይውላል። የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱም ሲፈለጉ በጥቅማቸው ይጠራሉ፣ ጣጣ ሲመጣ ግን በመጡበት አገር ስም ይጠራሉ።

፭. ወደ ውኃችን ስንመለስ

ይህ ታሪክ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ካርፕ ወደ ኢትዮጵያም ገብቶ ዛሬ በቆቃ፣ በፊንጫና በዝዋይ ውኃዎች ይጠመዳል። በዝዋይ ሐይቅ ቀድሞ አብዛኛው የመረብ ሲሳይ ቆሮሶ ነበር፤ ዛሬ ካርፕና አምባዛ ሰፊ ድርሻ ይዘዋል። የሐይቁ ውኃ ለመስኖና ለአበባ እርሻ እየተሳበ ባለበት ጊዜ ለቆሮሶው መመናመን ካርፑን ብቻ መክሰስ፣ የሺካጎን ስሕተት በአማርኛ መድገም ይሆናል። በአንጻሩ በባሌ ተራሮች በወይብና በዳንካ ወንዞች የሚገኘው ትራውት ከኬንያ የመጣ ነው፤ ወደ ኬንያ ያስገቡት ደግሞ እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች ናቸው። ስለዚህ የእንግሊዝ ባላባት የሠራው የዓሣ መደብ እንዳለ ተሻግሮ ደጋችን ደርሷል፤ ትራውት ለእንግዳ መዝናኛ፣ ካርፕ ለብዙኃን ቀለብ።

የገዛ ራሳችንንም ንቀት መደበቅ አይገባንም። ክንፍና ቅርፊት የሌለው ዓሣ ርኩስ ነው የሚለውን የኦሪት ዘሌዋውያን ሕግ ይዘን አምባዛን ስንጸየፍ ኖረናል። ኒውዮርክ ያሉት የአይሁድ እናቶች ካርፕን የመረጡት በዚሁ ሕግ መሠረት፣ ቅርፊት ስላለው መሆኑን ስናስብ፣ አንዱ ሕግ በአንዱ አገር ዓሣን ሲያከብር በሌላው ሲያዋርድ እናያለን። ከዓሣውም አልፈን ሰውን ንቀናል። በጣና ዳር ታንኳ ሠርቶ፣ ዓሣ አጥምዶ የሚኖረው የወይጦ ማኅበረ ሰብ ጉማሬ ይበላል ተብሎ ለብዙ ትውልድ ከማዕድ ተለይቷል። የምንበላውን ከእጁ ተቀብለን እጁን ግን አልጨበጥነውም።

ከመካከላችን ነገ በፕላን፣ በእርሻ ወይም በውኃ ሀብት መሥሪያ ቤት የሚቀመጡ ይኖራሉ። አንድ ቀን ፈጥኖ የሚያድግ፣ ርካሽ የሆነ፣ ሕዝብን የሚመግብ ዓሣ፣ ወይም ዛፍ፣ ወይም ዘር ተገኘ የሚል ወረቀት በጠረጴዛቸው ላይ ይቀርባል። ቤርድ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የተራበ ሕዝብ ሊመግብ የተነሣ ሊቅ ነበር። ያልጠየቀው ጥያቄ ግን ነበረ። ይኸውም ያለን ዓሣ ለምን አለቀ? የሚለው ነው። ያ ጥያቄ ቢጠየቅ ኖሮ መልሱ ወደ ግድቡ ባለቤት፣ ወደ ፋብሪካው ጌታና ወደ ከተማው ቦይ ይመራ ነበር። ከእነርሱ ጋር ከመጋጨት 345 ዓሣ ማስመጣት ይቀላል።

ስለዚህ ወረቀቱ በቀረበ ጊዜ ከመፈረም በፊት ወደ ሐይቁ ዳር ወርዶ መረብ የሚጥለውን ሰው መጠየቅ ይገባል። ውኃው የማን እንደሆነ፣ እንግዳውን ማን እንደጠራው፣ ጣጣው በማን ትከሻ እንደሚወድቅ እርሱ ያውቀዋል። ዓሣው ለመጣበትም ሆነ ለተወገዘበት ቀን ድምፅ አልነበረውም፤ አጥማጁ ግን አለው።